249 ግራም ስለሆነች ምዝገባ አያስፈልጋትም ብዬ ነበር

ትንሽ የመዝናኛ ድሮን ከውጭ አገር ለማስመጣት ያሰበ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው ካለ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ቢያነብ እወዳለሁ። እኔ በ2015 ዓ.ም. ሳስመጣ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ጽፎ ያቆየልኝ ሰው አላገኘሁም። ያነበብሁት ሁሉ በሌላ አገር ለሚኖርና በሌላ አገር ሕግ ለሚተዳደር ሰው የተጻፈ ነበር፤ እኔም ያንን ሕግ ልክ እንደ ራሴ አገር ሕግ በቃሌ አጠናሁት። ተማሪዎቼን «ጥያቄውን ሳታነቡ መልስ አትጻፉ» እያልሁ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርሁ ሰው፣ ማንም ላልጠየቀኝ ጥያቄ መልስ ተሸክሜ አዲስ አበባ ድረስ ሄድሁ።

በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው ፎቶግራፍ በማንሣት ነው። ደሴን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ከተማዋ በጦሳና በአዝዋ መካከል ወጭት ውስጥ እንደ ተቀመጠች ናት፤ ከየትኛውም ሰፈር ቆመው ቢያነሡ ግማሿ ይደበቃል። ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድም ጉም በሸፈነው ዕለት ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል ስንት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ስሥለው ኖሬአለሁ። ስለዚህ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ለወንድሜ ልጅ ሠርግ በጥር ወር ሊመጣ መሆኑን ነግሮኝ «ጋሼ፣ ምን ላምጣልህ?» ሲለኝ፣ መልሱ በአፌ ጫፍ ላይ ነበር።

እናቴ ነገሩን አልወደዱትም። በጥቅምት ማለቂያና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንዳሳለፉ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚያ ጊዜ «ድሮን» የሚለው ቃል በእኛ ሰፈር ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ አሮጊቶች ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ሥራቸውን ትተው ጆሯቸውን ይደግኑ ነበር። «ያንን ስሙን እንኳ በቤቴ አታንሣው፤ ድምፁን ከሰማሁት ይበቃኛል» አሉኝ እማዬ። እኔ ደግሞ ይህች ሌላ ናት፣ በእጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ ናት፣ ክብደቷም ከአንድ ብርቱካን ብዙ አይበልጥም እያልሁ ላስረዳቸው ሞከርሁ። ዛሬ ሳስበው ክብደትን ማስረጃ አድርጌ መከራከር የጀመርሁት ከእናቴ ጋር ነው።

ክብደቱን በሚመለከት ግን በደንብ አጥንቼ ነበር፤ ይህን ለራሴ ልመሰክር። በአሜሪካ የአቪዬሽን አስተዳደር ሕግ መሠረት ለመዝናኛ የምትበር ድሮን 250 ግራም ካልሞላች አትመዘገብም። 250 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነች ባለቤቷ በአምስት ዶላር ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩንም በድሮኗ ገላ ላይ ከውጭ በሚታይ ቦታ ይለጥፋል። ዲጄአይ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሚኒ የሚላቸውን ድሮኖች ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ250 ግራም በታች እየሠራ የሚሸጠው ይህን ወሰን አይቶ ነው። እኔ የመረጥሁት ሚኒ 3 የተባለውን ነው፤ በአምራቹ ዝርዝር ላይ ክብደቱ ከነባትሪው፣ ከነፕሮፔለሩና ከነሚሞሪ ካርዱ 248 ግራም ተብሎ ተጽፏል።

250 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ የሚለው ደግሞ ይበልጥ አስደሰተኝ። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የምዝገባውን ጉዳይ እንዲያጠና የተቋቋመው ኮሚቴ ያሰበው፣ አንድ ነገር ከሰማይ ወድቆ የሰው ራስ ቢመታ ምን ያህል ጉልበት ይገድላል የሚለውን ነው። 80 ጁል አካባቢ የሆነውን እንደ አደገኛ ወሰን ወስደው፣ የመውደቂያ ፍጥነቱን በሰከንድ 25 ሜትር አድርገው ሲያሰሉ 250 ግራም ሆነ። ግማሽ ሲባዛ በ0.25 ሲባዛ በ25 በ25፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው። እግረ መንገዴን የራሴንም ሒሳብ ሠራሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ጠለል ካለው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር የሚወድቀውን ነገር በሚገባ አይዘውምና ያችው 250 ግራም እኛ ከተማ ላይ ብትወድቅ ጉልበቷ 80 ሳይሆን ወደ 100 ጁል ይጠጋል። በአሜሪካው ኮሚቴ ሒሳብ ለደሴ ወሰኑ ወደ 220 ግራም መውረድ ነበረበት ማለት ነው። ይህንን ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። የዚያን ዕለት የተሰማኝ ኩራት ኋላ አዲስ አበባ ላይ በወለድ ተከፍሏል።

የሚቀጥለውን ባጭሩ አልፈዋለሁ። የእኅቴ ልጅ ድሮኗን ገዛ። ባትሪዎቹን፣ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በጭነት ሻንጣ ውስጥ ስለማይፈቀድ፣ በእጅ ሻንጣው ያዘ። አዲስ አበባ ሲደርስ ዕቃው በፍተሻ ታየ፤ ፈቃድ አለህ ወይ ተባለ፤ የለኝም አለ፤ ድሮኗ በአደራ ተይዛ ደረሰኝ ተሰጠው። የያዙት ሰዎች ክፉ ቃል አልተናገሩትም፤ ደረሰኙን አክብረው ነው የሰጡት። ልጁ ደሴ ደርሶ ነገሩን ሲነግረኝ ሣቅሁ። «ምዝገባ የማያስፈልጋት መሆኑን ሳያውቁ ነው፤ ሰኞ ሄጄ አስረዳቸዋለሁ» አልሁት።

ከትምህርት ቤቴ ዕቃው ለማስተማሪያ ጭምር እንደሚውል የሚገልጽ መሸኛ ደብዳቤ አጻፍሁ፤ ሰኞ ሌሊት በ11 ሰዓት ከደሴ መናኸሪያ ተነሣሁ። አራት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ማታውን የባለቤቴ ወንድም ቤት አድሬ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ደረስሁ።

በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ወጣት ትሑት ነበር። ደብዳቤዬን አነበበ፣ የደረሰኙን ቅጂ ተቀበለ፣ ቀና ብሎም «ክብደቱ ስንት ነው ጋሼ?» አለኝ። ይህንን ጥያቄ ከደሴ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። «249 ግራም፤ ከ250 በታች ስለሆነች በሕጉ ምዝገባ እንኳ አያስፈልጋትም» አልሁት፤ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም። ወጣቱ ብዕሩን አስቀምጦ «የት አገር?» አለኝ።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ ግን መልስ አልነበረኝም። የዚያን ሌሊት በስልኬ ሳነብ ነው የነቃሁት። 250 የሚባለው በዓለም ሁሉ የጸና ቁጥር አይደለም። ጃፓን ከሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 100 ግራም የሞላችውን ሁሉ ታስመዘግባለች። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ250 ግራም በታች የሆነችም ብትሆን ካሜራ ካላትና መጫወቻ ተብላ ካልተመደበች ባለቤቷ መመዝገብ አለበት። እንግሊዝም ብትሆን ከዚያ ሌሊት ብዙ ቆይታ፣ ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወሰኗን ወደ 100 ግራም አውርዳዋለች። ሁሉም የየራሱን ሒሳብ ሠርቷል፤ የእኔ አገር ደግሞ ከነጭራሹ በግራም አልጀመረችም። ግን ይህ ኋላ የመጣ ዕውቀት ነው፤ በዚያች ማክሰኞ እኔ ቅጹ ላይ «ክብደት» በሚለው ሣጥን ውስጥ «249 ግራም» ብዬ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍሁ። 248 እንኳ አላልሁም፤ በልቤ ውስጥ የነበረው 249 ነው።

ቅጹ ከመስኮቱ ወደ ሁለተኛው ክፍል ሄደ። እዚያ ያሉት ባለሙያ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ሰው ናቸው። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩአቸው፤ ከዚያ ሁለት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «እዚህ 249 ግራም ይላል። በደረሰኙ ላይ 1.4 ኪሎ ይላል። የትኛው ነው የእርስዎ ዕቃ?»

ደረሰኙን በደንብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ዕቃውን የተረከቡት ሰዎች የመዘኑት ቦርሳውን በሙሉ ነበር፤ ሪሞቱን፣ ሦስቱን ባትሪዎች፣ ቻርጀሩን፣ ገመዶቹን ሁሉ ጨምረው። አስረዳሁ። የሚበረው ሌላ፣ የማይበረው ሌላ መሆኑን፣ ሕግ የሚጠይቀው የመነሻ ክብደትን እንደሆነ፣ ሪሞት መሬት ላይ እንደሚቀር፣ እጄን እያወናጨፍሁ በክፍል ውስጥ እንዳለሁ አስረዳሁ። እሳቸው በትዕግሥት አዳመጡኝ። ሲያበቃ «ገብቶኛል፤ ግን ወረቀቱ ላይ እንዲህ አይልም። ደረሰኙን አስተካክለው ይምጡ» አሉኝ።

ረቡዕ ዕቃው ወደ ተያዘበት ቦታ ሄድሁ። እዚያ ያለችው ሴት ልጅ ደረሰኝ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ እንደማይስተካከል፣ ከፈለግሁ ግን ዕቃው ተከፍቶ ድሮኗ ብቻዋን ተመዝና ተጨማሪ ማስታወሻ ሊጻፍልኝ እንደሚችል ነገረችኝ። ደስ አለኝ። «እንግዲያው ክፈቱልኝ» አልሁ። «ባለቤቱ ፓስፖርቱን ይዞ ካልመጣ አይከፈትም» አለች። ባለቤቱ ደሴ ነው። ሠርጉ እሑድ ነው። ባለቤቱ የሙሽራው ሚዜ ነው።

ደወልሁ። ልጁ ምንም አላጉረመረመም፤ «እሺ ጋሼ» ብሎ በማግሥቱ ሌሊት ተነሥቶ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደረሰልኝ። በወጣትነቱ ያሳየኝን ትዕግሥት ሳስብ አሁንም ያሳፍረኛል። ዐሥር ሰዓት ላይ ቦርሳው ተከፈተ። ልጅቱ ድሮኗን በሁለት ጣቷ አንሥታ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻት፤ ሚዛኑ የመንገደኛ ሻንጣ የሚመዘንበት ነው። ቁጥሩ ተንቀጠቀጠና ቆመ። 0.3 ኪ.ግ.።

ይህን ሚዛን ተማሪዎቼ ቢያዩት ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ የሚያሳይ ሚዛን 248 ግራምን ሊያሳይ አይችልም፤ የሚያሳየው ወይ 0.2 ወይ 0.3 ነው። ስለ መለኪያ ትክክለኛነት በየዓመቱ መስከረም የማስተምረው የመጀመሪያው ምዕራፍ ይኸው ነው። ንግግሬን ልጀምር አፌን ስከፍት ግን ሒሳቡ ራሱ አስቆመኝ። 248 ለ0.2 ነው የሚቀርበው እንጂ ለ0.3 አይደለም። ሚዛኑ ወደ ላይ የተንጠለጠለበት ምክንያት ሊኖር ይገባል። ድሮኗን አንሥቼ ከኋላዋ የተሰካውን ባትሪ አየሁ፤ ላዩ ላይ «ፕላስ» የሚል ጽሑፍ አለው።

ልጁን ዞር ብዬ አየሁት። «ረጅም ጊዜ እንድትበርልህ ብዬ ትልቁን ገዛሁልህ ጋሼ፤ ሰላሳ ስምንት ደቂቃ የነበረው ሃምሳ አንድ ይሆናል» አለኝ፤ ፊቱ ሁሉ በደስታ በርቶ። ሦስቱም ባትሪዎች ፕላስ ናቸው። በዚያ ባትሪ የድሮኗ የመነሻ ክብደት ወደ 290 ግራም ነው። በአሜሪካ ሕግም ቢሆን መመዝገብ ነበረባት ማለት ነው። ማክሰኞ ያን ሁሉ የተመጻደቅሁበት ቁጥር በማንኛውም አገር ሕግ፣ በማንኛውም ሚዛን ስሕተት ነበር። መሳቂያ ያደረግሁት የሻንጣ ሚዛን ከእኔ ይልቅ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ 290 ለ0.3 ነው የሚቀርበው።

እንግዲህ አሁን ሦስት ወረቀት አለኝ። በአንደኛው 249 ግራም፣ በሁለተኛው 1.4 ኪሎ፣ በሦስተኛው 0.3 ኪሎ። ሦስቱም አንዲትን ድሮን የሚመለከቱ ናቸው። ዓርብ ጠዋት ሦስቱን ይዤ ወደ ሁለተኛው ክፍል ተመለስሁ። ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነበሩ። እስከ 5 ሰዓት ተኩል ጠበቅሁ። ሲመጡ ወረቀቶቹን ተቀበሉኝና፣ ምናልባት ፊቴን አይተው አዝነውልኝ ይሆናል፣ ወንበር አሳዩኝ። ክብደቱን አላዩትም። ደብዳቤዬን እንደገና አነበቡና እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ ነገሩ ክብደት አይደለም። ፈቃድ የሚጠየቀው ዕቃው አገር ከመግባቱ በፊት ነው፤ የሚጠይቀውም ሥራው የሚታወቅ ድርጅት ነው፤ ከዓላማው፣ ከቦታውና ከመለያ ቁጥሩ ጋር። እርስዎ የመጡት ዕቃው ከገባ በኋላ ነው፤ ጠያቂው ግለሰብ ነው፤ ዓላማው መዝናኛ ነው። ልጁ ሲመለስ ይዞት ይሂድ።»

ይህንን ለመናገር የፈጀባቸው ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ቂም የያዝሁት እዚህ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ማክሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያ ትሑት ወጣት ይህችን ሁለት ደቂቃ ቢሰጠኝ ኖሮ፣ ረቡዕ ማታ ደሴ እገባ ነበር፤ ሚዜውም ከሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ አይጓዝም ነበር። ሦስት ቢሮ፣ ሦስት ሚዛን፣ አንድም ሰው «ይህ ጉዳይ ከነአካቴው አይሆንም» አላለኝም፤ ሁሉም የራሱን ሣጥን ብቻ ይሞላል። በሌላ በኩል፣ ለራሴ ሲነገረኝ የማልወደው ነገር፣ ወጣቱ ክብደቷን ሲጠይቀኝ ቁጥሩን ብቻ ነግሬው ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፍ ነበር። ነገሩን የክብደት ክርክር ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ክርክሩ በግራም ከተጀመረ ደግሞ መንግሥት ሚዛን ያመጣል።

ቅዳሜ ሁለታችንም ደሴ ገባን። ሠርጉ ያማረ ነበር፤ ያነሣሁት ከመሬት ነው። የእኅቴ ልጅ ሲመለስ ደረሰኙን አሳይቶ ድሮኗን ተረከበ፤ ለዚህ ብሎ ከበረራው አምስት ሰዓት ቀድሞ ሄዷል፤ አምስቱም ሰዓት አስፈልጎታል፤ የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ላይ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ምክር ለሚጠይቁኝ የምለው እንዲህ ነው። ዕቃውን አምጥተህ ከዚያ አስፈቅድ የሚልህን ሰው አትስማ፤ የሚመክርህ ወዳጅህ ቢሆንም፣ ከዚያው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ቢሆንም። በአገራችን ድሮን ለማስገባት ፈቃዱ ይቀድማል፤ ጉዳዩም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ይመለከታል፤ ለማብረር ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አለ። ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጅህ ሳይገባ ዘመድህ ዕቃውን ከመደርደሪያ እንዳያነሣ። ፈታትቶ በሦስት ሻንጣ ከፋፍሎ ማምጣት ይቻላል የሚሉም አሉ፤ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ይህን በኩራት ነግሮኛል። ይህን የሚያደርግ ሰው የነበረበትን ስሕተት ወደ ወንጀል ይለውጠዋል፤ የእኔ ድሮን በሰላም የተመለሰችው ልጁ ሲጠየቅ እውነቱን ስለ ተናገረ ነው።

ድሮኗን በውጭ አገር ለሚያበር ዘመድህ ስጦታ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ትልቁን ባትሪ አትግዛ። አምራቹ ረጅም በረራ እያለ ያሻሽጠዋል፤ የሚያስከፍልህን ግን በትልቅ ፊደል አይጽፈውም። በዚያ ባትሪ 250 ግራም ታልፋለህ፤ ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሜሪካ የተመዘገበች ድሮን ሁሉ ማንነቷንና ያለችበትን ቦታ በአየር ላይ እያሰራጨች እንድትበር ስለሚጠየቅ ግዴታው በዚያው ይጨምራል። ለደጋ ሰውም ሌላ ነገር አለው፤ በትንሹ ባትሪ ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 4,000 ሜትር የምትነሣው ሚኒ 3 በትልቁ ባትሪ 3,000 ሜትር ላይ ታበቃለች። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ላይ ናትና ተራራ ልውጣ ለሚል ሰው የቀረው ብዙ አይደለም። የፕሮፔለር መከላከያ፣ ተለጣፊ ጌጥ፣ የማታ መብራት የምትጨምርም ከሆነ አንድ ግራም እንኳ ትቆጠራለች፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ከአምራቹ ወረቀት ይበልጥ ይታመናል።

ከሕጉ የምለይበት አንድ ነጥብ አለኝ። የአሜሪካ ሕግ ከ250 ግራም በታች ለሆነችው የመዝናኛ ድሮን አትመዝገብ አይልም፤ አያስፈልግም ነው የሚለው። እኔ ግን ተመዝገብ እላለሁ። አምስት ዶላር ነው፤ ከላይ ያልሁት በአየር ላይ የማሰራጨት ግዴታ አብሮ እንደሚመጣ ግን ዕወቅ። ባትሪ በቀየርህ ቁጥር ከመጨነቅ ያድናል፤ ከዚያም በላይ የትኛውም ድንበር ላይ ይህ ዕቃ የማን ነው ሲባል የሚታይ ቁጥር ይኖርሃል። ወደ እኛ አገር ለማስገባት ግን ያ ቁጥር ከአውቶቡስ ትኬት የበለጠ ዋጋ የለውም፤ የሌላ አገር ምዝገባ የእኛን ፈቃድ አይተካም። ይህን እንኳ ለመረዳት አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

ኮምቦልቻ ዝቅ ያለችና ሜዳማ ስለሆነች እዚያ ይቀላል የሚሉኝም አሉ። አይቀልም። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ነው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ነው፣ ደረቅ ወደቡ እዚያ ነው። በየትኛውም አገር ሕግ ቢለካ ከደሴ ይልቅ የሚከለከለው ኮምቦልቻ ነው።

የእኅቴ ልጅ ቨርጂኒያ ሲመለስ ድሮኗን አስመዘገባት፤ ከዚያም ቤቱ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ውስጥ ስለሆነ በሰፈሩ ጨርሶ ማብረር እንደማይችል ተረዳ። እኔ ለካ የምቀናበት ሰው በደጃፉ ማብረር አይችልም። በብሔራዊ ፓርክ ሊያበራት አሰበ፤ ያም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። በመጨረሻ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዞ፣ የሥራ ባልደረባው ወላጆች እርሻ ላይ በትንሹ ባትሪ አስነሣትና የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ላከልኝ። አረንጓዴ ሜዳ፣ አጥር፣ ራሱ ልጁ እንደ ጉንዳን አንሶ እጁን ሲያውለበልብ።

ቪዲዮውን ለእማዬ አሳየኋቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ወደ ጆሯቸው ወሰዱት።

«ድምፅ የለውም?» አሉኝ።

«የለውም እማዬ፤ ድሮኗ ማይክ የላትም፤ የምትቀርጸው ምስል ብቻ ነው።»

«እሰይ» አሉና ከመጀመሪያው እንድከፍትላቸው ስልኩን መለሱልኝ።